ጨዋታ ሲደርቅ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ ወሬ መሃል ላይ ድንገት ጸጥ ሲል ምን ይደረጋል? ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ልሄድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰላምታው ጥሩ ሄደ። ከዚያ አባቷ «እስቲ ተጫወት» ሲሉኝ አንደበቴ ተሳሰረ። ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጬ አመሸሁ። ምን ማለት ነበረብኝ? (የ27 ዓመት ወጣት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ «ተጫወት» የሚለውን ቃል እንደ ፈተና ቆጠርከው። ትርጉሙ ግን «ብላ» ከሚለው ብዙም አይርቅም፤ «ቤትህ ነው፣ አትሸማቀቅ» ማለት ነው። ወግ ፈልገህ አምጣ አልተባልክም። መልሱም አጭር ነው፤ ፈገግ ብለህ «እሺ አባባ፣ እየተጫወትን ነው» ማለት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ጸጥ ቢል ጥፋቱ ያንተ አይደለም።

ዝምታ ሲወድቅ በቅድሚያ የሚታየው የማን እንደሆነ ነው። ሰው ተጠይቆ ገና ካልመለሰ ዝምታው የተጠያቂው ነው፤ ሌላው ቢገባበት ነጠቃ ይሆናል። ሰው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ቃል እየፈለገ ዝም ካለ ዝምታው የተናጋሪው ነው። አንድ ርዕስ አልቆ ሌላው ሳይነሣ የሚመጣው ግን የማንም አይደለም፤ የፈለገ ያነሣዋል፣ ማንም ባያነሣውም ነውር የለውም። ስለ ጭውውት ሥርዓት ከተጻፉት ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የሳክስ፣ የሼግሎፍና የጄፈርሰን ጥናት (1974 እ.ኤ.አ.) እነዚህን ለያይቶ ነው የሚያያቸው። አንተን የገጠመህ ሦስተኛው ዓይነት ነበር፤ አንተ ግን እንደ መጀመሪያው ቆጥረህ «ተጠይቄ መልስ አጣሁ» ብለህ ተጨነቅክ።

በትልልቅ ሰዎች ፊት ርዕስ የሚያነሡት በአብዛኛው እነሱው ናቸው። ያንተ ድርሻ ለመልስህ መያዣ ማበጀት ነው። «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉህ «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለህ ካቆምክ በሩን ዘጋህባቸው። «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰሞኑን መንገዱ ስለተቆፈረ ግን ከጠባሴ ጀምሬ በእግሬ ነው የምገባው» ካልክ መንገዱንም፣ ጠባሴንም፣ የእግር ጉዞውንም ሰጠሃቸው። የፈለጉትን ይዘው ይቀጥላሉ። ከምስጋናው በኋላ አንድ ተጨማሪ ዐረፍተ ነገር፣ ያውም ቦታ ወይም ሰው ወይም ዕቃ ያለበት፣ ይበቃል። ሁለት ሦስት ካደረግከው ደግሞ ለፍላፊ ትባላለህ።

አንተ ራስህ ማንሣት ከፈለግክ አዲስ ርዕስ አትፈልግ። ቅድም ተጀምሮ ወደተንጠለጠለው ተመለስ። አባትዬው ሰላምታው መሃል «እኔ እንኳ ትውልዴ አንጎለላ ነው» ብለው አልፈው ከሆነ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ «ቅድም አንጎለላ ብለው ነበር፤ ያኔ ትምህርት ቤት የት ነበር የሚገቡት?» በላቸው። ይህ ከማንኛውም አዲስ ጥያቄ ይሻላል፤ ስታዳምጣቸው እንደነበር ያሳያልና። በዚህ ረገድ ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት በድንጋጤ ጥያቄ በመደርደር ነው። ስንት ልጆች አሏችሁ፣ ቤቱ የራሳችሁ ነው፣ ጡረታ መቼ ወጡ እያሉ ማከታተል ጨዋታ ሳይሆን ምርመራ ነው። ሁለት ጥያቄ ካቀረብክ በሦስተኛው ፋንታ ስለ ራስህ አንድ ነገር ተናገር።

ቡና ከተፈላ ደግሞ ግማሹ ችግርህ ተቃሏል። ቡናው ከመታጠቡ እስከ አቦል ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም ያለማቋረጥ እንዲያወራ አይጠበቅም። ምጣዱ ሲንሿሿ፣ ሙቀጫው ሲደቃ ጸጥ ማለት የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ጆሮም ዓይንም ሥራ አላቸው። የተቆላው ቡና ሲዞር ጭሱን በእጅህ ወደ ራስህ ሳብ አድርገህ «ግሩም ሽታ ነው» ማለት አይከፋም። ረጅም ጥያቄህን ግን አቦል ተቀድቶ ሰው ሁሉ አንድ ሁለት ጊዜ ፉት እስኪል አቆየው። ጨዋታ የሚደራው ከአቦልና ከቶና መሃል ነው። ከበረካ በፊት መውጣት ካለብህ ገና ስትገባ ተናገር፤ ሁለተኛው ስኒ ላይ ሰዓት ማየት ከዝምታ የባሰ ነው።

ቴሌቪዥኑን በተመለከተ፣ ማየትህ ሳይሆን አቀማመጥህ ነው የበደለህ። ትከሻህን ወደ ሰዎቹ አዙረህ ማያውን በዓይንህ ብቻ ብታየው፣ አልፎ አልፎም በሚታየው ነገር ላይ አንዲት ቃል ብትጥል፣ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ነው የሚቆጥሩህ። ገበታ ላይ ደግሞ ዝምታ ጭራሽ አይቆጠርም። አፍህ ጉርሻ ይዞ እያለ የሚያናግርህ ቢኖር ጥፋቱ የእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ እናቴ ደሴ ናት። በሳምንት ሁለት ጊዜ በቪዲዮ እንደዋወላለን። አሥር ደቂቃ ሳይሞላን «ሌላስ?» «ደህና» «ሌላስ?» «ደህና» መባባል እንጀምራለን። ደግሞም እኔ ስናገር እሷ ትናገራለች፣ ሁለታችንም እንቆማለን፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም። ልቤ እየተሰበረ ነው ስልኩን የምዘጋው።

መልስ፦ ሁለት ችግር ተደርቦብዎታል፤ አንዱ የመሣሪያው ነው። ስቲቨርስና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአሥር ቋንቋዎች ሰው ተጠይቆ እስኪመልስ ያለውን ክፍተት ለክተው ነበር። አማካዩ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ፣ ሆኖ ተገኘ። ከአሥሩ ፈጣኖቹ ጃፓኖች፣ ዘገምተኞቹ ዴንማርኮች ነበሩ፤ ዴንማርኮቹም ቢሆኑ ግማሽ ሰከንድ አይሞሉም። አማርኛ ከተጠኑት ውስጥ የለም፤ ግን እኛም በዚህ ፍጥነት እንደምንቀባበል ለማወቅ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይበቃል። ስልኩ ይህን ያፋልሳል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ግንኙነት የሚመክረው መዘግየት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ነው። ኔትወርኩ የደከመ ቪዲዮ ግን ከዚያ በብዙ ሊያልፍ ይችላል። መዘግየቱ ሄዶ መመለሻውም አለበት፤ እናትዎ ወዲያው ቢመልሱም እንኳ እርስዎ ጋ የሚሰማው እንደ ዝምታ ነው። «አልሰማችም» ብለው ሲቀጥሉ የእሷ መልስ ይደርስና ትጋጫላችሁ።

ስለዚህ ኔትወርኩ ሲንቀረፈፍ ምስሉን አጥፍተው በድምፅ ብቻ ያውሩ። ተናግረው ሲጨርሱ መጨረሻው እንዲታወቅ «…አይደል እማዬ?» ብለው ያስረክቡ፤ ከዚያ በልብዎ አንድ፣ ሁለት ይቁጠሩ። ከተጋጫችሁ ሁልጊዜ አንዱ ወገን ያቁም፤ ልጅ ነዎትና እርስዎ ይሁኑ፣ «እማዬ፣ ቀጥዪ» ብለው። ሁለታችሁም በትሕትና ስትቆሙ ነው ዝምታው የሚወለደው። ድምፅ ማጉያ ላይ ያደረጉት ስልክ አንዱ ወገን ሲናገር የሌላውን ድምፅ ሊያፍን ስለሚችል ማዳመጫ ገመድ ቢጠቀሙ ይመረጣል። «እህ»፣ «እሺ»፣ «ውይ» የምንላቸው ቃላትም ዘግይተው ሲደርሱ በሚቀጥለው ቃሏ ላይ ይወድቁና ያቋርጧታል። ጨርሰው ቢተዋቸው ደግሞ «ሃሎ? አለሽ?» ማለቷ አይቀርም። በየሐረጉ ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ አንዴ ይበሉ።

ሁለተኛው ችግር «ሌላስ?» ነው። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ጥሩ ቃል ነው፤ ጊዜ ይሰጣል፣ ትከሻና ዓይን ያግዙታል። በስልክ ግን ባዶ ሰፌድ ነው። በእሱ ፋንታ የዕለቱን ነገር ይጠይቁ። ወሩ 21 ከሆነ «ዛሬ ማርያም አይደለች? ቤተ ክርስቲያን ከማን ጋር ሄድሽ?» ይበሏት። የበርበሬ ሰሞን ከሆነ «ተቀንጥሶ አለቀ? ዘንድሮ ስንት ኪሎ ገዛሽ?» ይበሏት። መልሱ ዋጋ አለው፣ ሰው አለው፣ ጎረቤት አለው፤ ከእሱ ሌላው ይመዘዛል። ዘመድ በስም እየጠሩ «እገሌ ደህና ነው? እገሊትስ?» ማለትን ግን ጊዜ መፍጃ ነው ብለው እንዳይቆርጡት። ያ ዝርዝር ራሱ ጨዋታው ነው። «እሷማ ታማ ነበር» የሚለው ዜና የሚወጣው ከዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይሞክሩ። እጇ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ይደውሉ። ሜሪላንድ በበጋችሁ በ7፣ በክረምታችሁ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ማለዳ ሲነሡ እሷ ጋ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቡና የምታፈላበት ወይም ምስር የምትለቅምበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ትሥራ፤ እርስዎም ቁርስዎን ይሥሩ። ሦስት ደቂቃ ማንም ሳይናገር ቢያልፍ ምንም አይደለም፤ አንድ ማጀት ውስጥ እንዳላችሁ ነው።

ከሁሉ በላይ አንዲት ቃል ይጠብቁ፤ «ብቻ…»። «ደህና ነኝ፣ ብቻ…» ብላ ዝም ካለች ያ ዝምታ የእሷ ነው። አይሙሉት፤ ቀልድም አይጣሉበት። ሁለት ሰከንድ ጠብቀው «ብቻ ምን?» ይበሉ፣ ቀስ ብለው። ሐኪም ቤት የሄደችው፣ ኪራይ የጨመረው፣ ከእህትዎ ጋር የተቀያየሙት እዚያች ቃል ኋላ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጀርመናዊ ነው። ሲያወራኝ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «አዎ» ስል በየጊዜው ደንግጦ ያቆማል። «ምን ሆንሽ?» ይለኛል። (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ እሱ የሚያውቀው የትንፋሽ ሳብታ የድንጋጤ ነው፤ የእኛ ደግሞ «እየሰማሁህ ነው፣ ልክ ነህ» ማለት ነው። የስካንዲኔቪያ ሰዎችም ተመሳሳይ የውስጥ ትንፋሽ «አዎ» አላቸው፤ ያንን ንገሪው፣ ምናልባት ይቀለዋል። በስልክ ሲሆን ግን ተጠንቀቂ። ያቺ ሳብታ ቀጭን ስለሆነች አብዛኛውን ጊዜ አትሰማም፤ ሰውዬው ዝም እንዳልሽው ይቆጥራል። መሥሪያ ቤትም ሆነ ሐኪም ዘንድ በስልክ ስታወሪ ድምፅ ያለው «አዎ» ተጠቀሚ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ጥያቄ ስጠይቅ ክፍሉ ጭር ይላል። መልሱን እኔው ተናግሬ አልፋለሁ። ተማሪዎቹ ሰንፈው ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ ለክተው ያውቃሉ? ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የክፍል ውስጥ ድምፅ ቀድታ ስትለካ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ 3 ሰከንድ ሲያሳድጉት መልሶቹ ረዘሙ፣ «አላውቅም» ቀነሰ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ተማሪዎችም እጅ ማውጣት ጀመሩ። ሁለት መጠበቂያ አለ፤ አንዱ ከጥያቄው በኋላ፣ ሌላው ተማሪው ከመለሰ በኋላ። ብዙ መምህር የሚረሳው ሁለተኛውን ነው። ተማሪው የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር እንደጨረሰ «ጎበዝ!» ካሉት እዚያው ያቆማል። 3 ሰከንድ ዝም ቢሉት «ምክንያቱም…» ብሎ ይቀጥላል።

ጥያቄውን በቅድሚያ ለሁሉም ያቅርቡ፤ ከዚያ ይቁጠሩ፤ ስም የሚጠሩት በመጨረሻ ነው። «ሰላማዊት፣ ፎቶሲንተሲስ ምንድን ነው?» ካሉ የቀሩት ሃምሳዎቹ ማሰብ አቆሙ። በዝምታው መሃል ጥያቄውን በሌላ ቃል አይድገሙት፤ አንዱን ማሰብ የጀመረ ልጅ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ ብሎ ከዜሮ ይነሣል። 3 ሰከንድ ሲቆሙበት ረጅም ነው፤ ፊትዎ ላይ መሰላቸት እንዳይነበብ ወደ መስኮቱ ሁለት እርምጃ ይራመዱ።

«ገባችሁ?» የሚለውን ይተዉት። መልሱ በኅብረት «አዎ!» ነው፤ አልገባኝም የሚል ልጅ ሃምሳ ሰው ፊት አይገኝም። «ከዚህ ውስጥ የከበደው የቱ ነው?» ብለው ለሁለት ሁለት እንዲነጋገሩ አንድ ደቂቃ ይስጧቸው። ብቻውን የሚያፍር ልጅ «እኛ ያልገባን…» ለማለት አያፍርም።

ጥያቄ፦ ሥራ ለመቀጠር ቃለ መጠይቅ ስገባ «እንትን» እና «ማለቴ» አፌን ሞልቶት ይወጣል። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እንዴት ላቁም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁሉንም ማቆም አያስፈልግህም፤ እያንዳንዱ ሥራ አለው። «እ…» ማለት «ቦታዬን አትውሰዱብኝ፣ እየመጣሁ ነው» ነው። «እንትን» የጠፋ ስም ወይም ግሥ ቦታ መያዣ ነው፤ ስለዚህም «እንትን አደረገው» ተብሎ እንደ ልብ ይገባል። «ማለቴ» የተናገሩትን ማረሚያ፣ «ያው» የታወቀውን መዝለያ፣ «እንግዲህ» ወደሚቀጥለው መሸጋገሪያ ነው። ቀጣሪ ፊት የሚጎዱት «እንትን» እና «ማለቴ» ናቸው፤ የመጀመሪያው አላወቀውም፣ ሁለተኛው አላሰበበትም ያስብላል። «እንግዲህ» ግን አንዴ ሁለቴ ቢገባ ረጋ ያለ ያስመስላል።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው፤ አዎንታና አሉታውም እዚያው ይለያል። ግሥ ሳትደርስ ዝም ካልክ ሰሚው በገመድ ላይ እንዳለ ይንጠለጠላል፤ አንተም በድንጋጤ «እንትን» ትላለህ። ግሡን ከዘጋህ በኋላ ግን ሁለት ሰከንድ ዝም ብትል ማንም አይቸኩልብህም። ስለዚህ ዐረፍተ ነገርህን አሳጥር። «በ2014 ዓ.ም. ተመረቅኩ።» ዝም። «ከዚያ ሁለት ዓመት በሂሳብ ሠራተኛነት ሠራሁ።» ዝም። በስልክህ አምስት ደቂቃ ቅዳና «እንትን» ያልክባቸውን ቦታዎች ቁጠር፤ አብዛኞቹ ከረጅም ዐረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ይገኛሉ። ጥያቄው ከብዶህ ማሰብ ካስፈለገህም «ጥሩ ጥያቄ ነው» ከማለት «ትንሽ ላስብበት» ማለት ይሻላል። ዝምታው ያንተ መሆኑን ተናግረህ ወሰድከው ማለት ነው፤ አምስት ሰከንድ ቢቆይ አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ ለቅሶ ቤት ገብቼ ምን እንደምናገር አላውቅም።

መልስ፦ ምንም። ሲገቡ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ»፣ ቤቱ የሙስሊም ከሆነ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብለው ይቀመጡ። እዚያ ቤት መቀመጡ ራሱ ንግግር ነው። «ምን ነበር ሕመሙ?» ብለው ሐዘንተኛዋን አይጠይቁ፤ ያንኑ ታሪክ በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንደነገረች ያስቡት። ማወቅ ከፈለጉ ዳር ዳር የተቀመጠ ዘመድ በሹክሹክታ ይነግርዎታል። «አይዞሽ፣ ጊዜ ይፈታዋል» እያሉ ዝምታውን መሙላትም አያሻም። ሌላ ቡድን ሲገባ ቦታ መልቀቂያው ሰዓት ያ ነው፤ ሃያ ደቂቃም ሆነ ግማሽ ሰዓት የሚወስነው እሱ ነው። ማታ ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱ ቢያዩ አይገረሙ፤ ከቤተሰቡ ጋር የሚያመሹ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ከሠልስት በኋላ ያለውን ነው። ድንኳኑ ይነቀላል፣ የዕድሩ ወንበር ይመለሳል፣ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ያኔ ሄደው ስለ ሟቹ ያንሡ፤ ስሙን ይጥሩ። በመጀመሪያው ቀን ያልተናገሩት ሁሉ የዚያን ጊዜ ይሰማል።

ጥያቄ፦ በስልክ ጠርቼ በምሳፈረው መኪና ከሹፌሩ ጋር ማውራት ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሲገቡ «እንዴት አመሸህ» ይበሉ። መልሶ ጥያቄ ከጠየቀዎት ማውራት ይፈልጋል፤ «ይመስገን» ብሎ ሬዲዮኑን ከፍ ካደረገ አይፈልግም። ሲወርዱ ያመስግኑ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ አንድ ሰዓት ሙሉ አይናገርም። ኩርፊያ ነው ድካም እንዴት ነው የምለየው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ኩርፊያ ተመልካች ይፈልጋል። ያኮረፈ ሰው ዝም ማለቱ እንዲታወቅለት ያደርጋል፤ ምግቡን ለብቻው ይበላል፣ በሩን ጠንከር አድርጎ ይዘጋል፣ «ለእናትህ ንገራት» እያለ በልጅ በኩል ይልካል። የደከመ ሰው ግን «ውሃ አቀብለኝ» ስትዪው በተለመደው ድምፁ «እሺ» ብሎ ያቀብላል። ይህቺን ሞክሪያት፤ ትንሽ ነገር ለምኚውና ድምፁን ስሚ።

ድካም ከሆነ ግማሽ ሰዓት ተዪው። «ምን ሆነሃል?» አንዴ ጠይቂ፤ ሦስቴ ከጠየቅሽ ያልነበረው ነገር ይመጣል። ፊት ለፊት አስቀምጦ «እስቲ እናውራ» ማለትም ብዙ ወንድ ያስደነግጣል፤ ጎን ለጎን ሆናችሁ፣ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ወይም ሰሃን ስታጥቡ፣ አፍ ይፈታል። ኩርፊያ ከሆነ ግን መጠበቅ ብቻውን አይፈታውም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ለምሥጢር ልክ ነው፣ ለቂም ግን አይሠራም። በሁለተኛው ቀን ስለ ተጣላችሁበት ነገር በስሙ ጠርተሽ አንሺው። ሳምንት ካለፈው ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሽማግሌ መጥራት አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ እንግዶቼ «በሉ እንግዲህ እንሂድ» ካሉ በኋላ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ። እዚህ ያደጉት ልጆቼ «ታዲያ ለምን አይሄዱም?» ብለው ይስቃሉ። (ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ ሼግሎፍና ሳክስ በ1973 እ.ኤ.አ. ጭውውት እንዴት እንደሚዘጋ ሲያጠኑ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ጭውውት እንዲሁ አይቆምም፣ ሁለቱ ወገኖች «ሌላ የማነሣው የለኝም» እየተባባሉ ነው የሚዘጉት። እንግሊዝኛ ተናጋሪው በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። እኛ ሦስት ቦታ እናደርገዋለን፤ ተቀምጠን፣ ቆመን፣ በር ላይ። ለልጆችዎ እንዲህ ያስረዷቸው።

የመጀመሪያው «በሉ እንግዲህ» ጥያቄ እንጂ ውሳኔ አይደለም። ባለቤት «ምነው፣ ገና ነው፣ ቁጭ በሉ እንጂ» ማለት አለበት፤ ይህን ካላለ እንግዳው ተገፋሁ ይላል። እንዲቆዩ በእውነት ከፈለጉ ምክንያት ጨምረው ይናገሩ፤ «በረካው አልደረሰም» ሲሉ ቁም ነገር ነው። እንዲሄዱ ከፈለጉም አንዴ ብቻ «ገና ነው» ብለው ሲነሡ አብረው ይነሡ። ቁጭ ብሎ «ቁጭ በሉ» የሚል ሰው ነው እንግዳ የሚያስቀምጠው። ነገ ማለዳ ሥራ ካለብዎት ደግሞ ሲገቡ እንደ ወሬ ጣል ያድርጉት፤ «ነገ 11 ሰዓት ነው የምነሣው» ያሉት ቃል ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይሠራል።

ሦስተኛውን ግን አያሳጥሩት። በር ላይ፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ልጆቹ ሊፍት ከጠሩ በኋላ የሚመጣ ዝምታ አለ። ብዙ እንግዳ የመጣበትን ጉዳይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ይዞ ተቀምጦ የሚያወጣው እዚያ ነው፤ «እንዲያው አንድ ነገር ልልሽ ብዬ ነበር…»። የልጅ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ የገንዘብ ብድር ሊሆን ይችላል፣ የሐኪም ወረቀት ማንበብ ሊሆን ይችላል። «በሉ ደህና እደሩ» ብለው ከቸኮሉበት ይዞት ይወርዳል። የበሩን እጀታ ይዘው፣ ሳይዘጉ፣ ሳይናገሩ አምስት ሰከንድ ያህል ይቁሙ። ልጆቹን «ሊፍቱን ልቀቁት» ይበሏቸው።